የነካሹ ጠጉር

ባለፈው የገና ሰሞን የአክስቴ ልጅ ሰብለ ከባሕር ዳር ቢቸና ድረስ ልትጠይቀኝ መጣች። ጭኗ ላይ ጠጉሯ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሆነ ነጭ ትንሽ ውሻ አስቀምጣ፣ ቀይ ሹራብ አልብሳታለች። እኔ ለሰው ዶሮ ሳቀርብ እሷ ለውሻዋ የተቀቀለ እንቁላል አስኳሉ ብቻ እንዲቀርብላት ጠየቀችኝ። ቀረበላት። በቤቴ እንግዳ ተከፍቶ አይወጣም።

ጎረቤቶቼ በሹራቡ ሲገረሙ ጨዋታው ወደ ውሻ ዞረ። ሰብለም ጀመረች። ልጆች ሳለን ሞጣ ጃክ የሚባል የፈረንጅ ውሻ ነበረን አለች፤ ሰው የሚያከብር፣ ጨዋ። «እታለም ከዚህ ከቢቸና ያመጣችው ቡላ ግን ሰው ነክሶ ስንቱን መከራ አሳየን» ብላ ወደ እኔ እያየች ሳቀች። እንግዶቼም አብረው ሳቁ።

እኔ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ይቅር ብዬ አይደለም፤ ጠላ እየቀዳሁ ነበር።

አሁን ግን እጄ ባዶ ነው፤ እንዲህ ነበር የሆነው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ከመሬታችን ጎን ያለው ሰውዬ በየዓመቱ ወሰን ይገፋል። አባቴ እንደ ሌላው ሰው አጥር ላይ ወጥቶ መሳደብ ስለማይሆንለት፣ ያገሩ ሰው እንደሚያደርገው ነገሩን በውሻው ስም አስገባው። ቡላ ቡችላ አምጥቶ «ይታያል» አለው። ማታ ማታ ሰውዬው በሬዎቹን ሲያስገባ ጠብቆ «ይታያል! ና፣ ይታያል!» እያለ ይጣራል። ውሻው ወደ አባቴ ይሮጣል፤ ሰውዬው ደጁን ይዘጋል። ወሰኑ ግን አልተመለሰም።

ይታያል አንድ ጆሮው ጅብ የቀደደው፣ ደረቱ ሰፊ ያበሻ ውሻ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አንዴ ይጮኻል፤ ከዚያ የሰውዬውን እጅ ያያል። ዱላ ካልተነሣበት ተመልሶ ይተኛል። ብዙ አይለፈልፍም፤ አባቴም እንደዚያው ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ ሞተ። እናቴ ቀድማ ሄዳለች። አክስቴ ለቅሶ መጥታ «ልጄ ናት፣ አስተምራታለሁ» ብላ በሰው ፊት ይዛኝ ሄደች። አክስቴን እዚህ ላይ አንቱ አልላትም፤ በሕይወት ሳለች ብያታለሁ፣ ይበቃታል። እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን፣ ይታያል እግሬ ሥር ተጋድሞ፣ ሞጣ ገባን።

ባሏ ነጋዴ ነው። መንገድ የሚሠሩ ፈረንጆች ሰፈራቸውን ነቅለው ሲሄዱ አንዱን ውሻቸውን ለምኖ አስቀርቶ ነበር። ጃክ ይሉታል። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቀላ ያለ፣ ጆሮው እንደ ቀንድ የቆመ። የከተማው ሰው «የጀርመን ዘር ነው» እያለ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያየዋል። ቀን በሰንሰለት ይውላል፤ መኝታው ብርድ ልብስ ነው። የእኔ መኝታ ከወጥ ቤቱ ጓዳ፣ የጤፍ ጆንያ አጠገብ ነበር። ቅናት ነው የሚል ይበል።

ፍልሰታ ገባ። ጃክ አይጾምም፤ ሳንባና ጨጓራ ከሥጋ ቤት ይመጣለታል። አክስቴ ጾመኛ ስለሆነች ድስቱን አትነካም። የምቀቅለው እኔ ነበርሁ። የእኩዮቼ ነጠላ በሳሙናና በፀሐይ ሲሸት የእኔ ግን ጨጓራ ጨጓራ ይሸታል። ከቅዳሴ መልስ አብረውኝ የሚሄዱት ልጃገረዶች አንድ አንድ እርምጃ ፈቀቅ እያሉ መጡ። የአገልጋይ ልጅ ሆኜ ያን ዓመት ሳልቆርብ ጾሙ ተፈታ።

ሰብለ ጃክን ሰው የሚያከብር ስትል ግማሹ እውነት ነው። ጫማ ላደረገ ጅራቱን ይቆላል፤ ሸክም ለተሸከመ፣ ልብሱ ለተቀደደ ግን ሰንሰለቱን እስኪበጥስ ይዘላል። ያንን ከጀርመን ይዞት አልመጣም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የተማረው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ለሌላ ዝናብ ሲዳምን፣ ሰብለ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ጃክ ቁጭ በል ሲባል ቁጭ እንደሚል መንገድ ላይ ልታሳያቸው ሰንሰለቱን ፈታች፤ የቆርቆሮውን በር ከፈተች። እኔ ድስት ይዤ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ፣ ጌሾ እየሸጡ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት፣ ላስቲክ ተከናንበው ጌሾ አዝለው ያልፋሉ። ጃክ ከኋላ ባታቸውን ያዛቸው። በግንባራቸው ጭቃው ላይ ወደቁ። ጓደኞቿ ጮኸው ተበተኑ። ሰብለ ውሻውን በአንገቱ ጎትታ አስገብታ በሩን ዘጋች፤ ወዲያው ዝናቡ ወረደ። እትዬ ጥሩዬ የሰሙት ድምፁን ብቻ ነው፤ መልኩን አላዩም።

አክስቴ ከቤት ወጥታ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ተረዳች። የጃክን አፍ በጨርቅ ጠረገችለት፤ ሰንሰለቱን አሰረች። ከበሩ ማዶ የወደቁት ሴት ምን እንደሆኑ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጠዋት የእትዬ ጥሩዬ ወንድም ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። እትዬ ጥሩዬም ባታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በምርኩዝ፣ ከኋላ ደረሱ። እኛ ዘንድ ውሻ ሰው ሲነክስ የነካሹ ጠጉር ተቆርጦ ለተነካሹ ይሰጣል፤ ተቃጥሎ ዐመዱ ቁስሉ ላይ ይደረጋል። የሌላ ውሻ ጠጉር ከሆነ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ አውቆ የሰጠም ሰው እንደ ገዳይ ይቆጠራል ይባላል። ሐኪም ይህን ቢሰማ ይስቃል፤ እዚያ ደጅ ላይ ግን የሚስቅ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ጠጉሩ ይሰጠን፣ ውሻውም ይገደል።

አክስቴ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጃክ ከሰንሰለቱ ተፈትቶ እንደማያውቅ፣ ነካሹ ይህች ልጅ ከቢቸና ያመጣችው ቡላ እንደሆነ፣ ያልሠለጠነ ያገር ቤት ውሻ መሆኑን ነገረቻቸው። ባሏ ከጎኗ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹም አመኗት፤ የተከበረችን የቤት እመቤት ማን አያምናትም።

መቀስ ልትሰጠኝ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«ቡላውን ቁረጪ» አለችኝ። «መስከረም ላይ ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጊያለሽ አይደል?»

ወደ ጓሮ ዞርሁ። ይታያል ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ በገመድ ታስሮ ተኝቷል። ሲያየኝ ጅራቱ መሬቱን አንዴ መታ። ጃክ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ለምሳው የመጣሁ መስሎት ቆመ። መቀሱን ይዤ በሁለቱ መካከል ቆምሁ። ስለ ትምህርት ቤቱ አላሰብሁም ብል ውሸት ነው። ደብተሬን በጋዜጣ ለብጬ አስቀምጬ ነበር። ግን የእኒህን ሴት ቁስል በሐሰት ጠጉር አስይዤ፣ የአባቴን ውሻ ደግሞ አስገድዬ፣ የምማረው ምንድን ነው?

ጃክ ከእኔ በቀር የሚያበላው ስለሌለ አላጉረመረመም። ከጀርባው፣ ጥቁር ጥቁሩን፣ ጭብጥ የሚሞላ ቆረጥሁ።

ወንድምየው የነጠላውን ጫፍ ዘረጋልኝ። እጄን ከፈትሁ። ሁሉም አጎንብሰው አዩ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር።

«ይሄ ጥቁር ነው» አለ ወንድምየው።

«የነካሹን አይደል የጠየቃችሁ?» አልሁት።

ትልቁ ሽማግሌ አክስቴን ሳይሆን እኔን ተመለከቱ። «ልጄ፣ የሰው ሕይወት ነው። በአባትሽ አጥንት?»

«በአባቴ አጥንት።»

አክስቴ ሳቅ ለማለት ሞከረች፤ ልጅ ናት ተሳስታ ነው አለች። እትዬ ጥሩዬ ቀረብ አሉ። የነጠላውን ጫፍ ከወንድማቸው እጅ ወስደው፣ ጥቁሩን ጠጉር ቋጠሩና ወደ አክስቴ ዞረው «ውባለም፣ ለኔ ዐመድ መርጠሽልኝ ነበር» አሏት። በምርኩዛቸው ተደግፈው ሄዱ። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአክስቴን ደጅ ሰላም ብሎ የሚያልፍ ጎረቤት አነሰ።

በሩን ማን እንደ ከፈተው የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርሁም። ሰብለ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና መሬት መሬት ታይ ነበር።

እትዬ ጥሩዬ ጠጉሩም ተደረገላቸው፣ መርፌውንም ተወጉ፣ ዳኑ። ጃክም አልተገደለም። ባልየው ሽማግሌ ለምኖ፣ በዚያው ሳምንት በሚያውቀው ሰው መኪና ወደ ባሕር ዳር ሸኘው። ብርድ ልብሱም ተጭኖለታል። እኔ ግን የአክስቴን ስም ስላጠፋሁ በማግስቱ ውጪ ተባልሁ። አውቶቡሱ ውሻ አልጭንም አለ፤ ለኔና ለይታያል መኪና አልተገኘም። አህያ ከሚነዱ የእህል ነጋዴዎች ኋላ ኋላ፣ በጭቃው፣ በእግሬ ወጣሁ። ግንደወይን ስንደርስ አንዲት የማላውቃት ሴት ቅቅል ድንች በበርበሬ ሰጠችኝ። ልጣጩን ለይታያል ጣልሁለት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድግስ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ድንች የጣመኝ የለም። ደብተሮቼ ሞጣ ቀሩ። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባለትዳር ሆኜ፣ በማታው ትምህርት ነው።

ይታያል ቢቸና ደጃችን ላይ አርጅቶ ሞተ። ማንንም ነክሶ አያውቅም።

ሰብለ ያን ዕለት ስትሰናበት ነጯ ውሻ ቀሚሴን ታክካኝ ነበር። ቀሚሴ ጥቁር ነው፤ ነጩ ጠጉር ጎልቶ ይታያል። እንግዶቼ እያዩ አንድ አንድ ብዬ ለቀምሁት።

«ሰብለ፣ እጅሽን አምጪ።»

«ምንድን ነው እታለም?» ብላ እየሳቀች ዘረጋች።

«የውሻሽ ጠጉር ነው። ያዢው፤ የሚጠየቅበት ቀን አይታወቅም።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቆመ። እንግዶቼ ነገሩ አልገባቸውም፤ እንዲገባቸውም አልፈለግሁም። እሷ ገብቷታል። ሰዎች የውሻ ዘር ሲያወሩ እሰማለሁ፦ ይሄኛው ጨዋ፣ ያኛው ተናካሽ። እኔ ካበሻውም ከፈረንጁም ጋር ኖሬያለሁ፤ የነከሰውን ነክሶ ዝም ይላል እንጂ በሌላው የሚያላክክ ውሻ አላየሁም።

መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ አየኋት። ውሻዋን በአንድ እጇ አቅፋለች። ሌላው እጇ እንደ ተጨበጠ ነበር።