የጋሽ አንገስ ሰባት ቤት

ባለፈው ሳምንት ልጄ የሱፍ ሹራቧን ከፎጣ ጋር ቀላቅላ ልብስ ማድረቂያው ድራየር ውስጥ ከተተችው። ብዙም ሳይቆይ የሎረንስቪሉ ቤታችን እርጥብ ሱፍ ሲግል በሚያወጣው፣ የበግ በረትና ያረረ ፀጉር በሚመስል ሽታ ተሞላ። ሹራቡ ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት የሚበቃ ሆኖ ወጣ። እሷ ታለቅሳለች፤ እኔ ግን በሐሳብ አትላንታ ጫፍ ላይ ወዳለችው ክላርክስተን ሄጄ ነበር፣ ያደግኩበት አፓርታማ ላውንደሪ ቤት ውስጥ። ሳንቲም የሚውጡት ማሽኖች፣ የሳሙና ዱቄት የፈሰሰበት ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሹራባቸውን ትኩስ ድራየር ላይ ዘርግተው እስኪደርቅ በፕላስቲክ ወንበር የሚጠብቁት ጋሽ አንገስ። ልቤ ሞቅ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እሳቸውን ሳስታውስ አሁን አሁን ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

ጋሽ ስላልኩ ሐበሻ እንዳይመስሏችሁ። የካናዳ ሰው ነበሩ፤ ኬፕ ብሬተን ከሚባል፣ ነፋስና የድንጋይ ከሰል ከሞላበት ደሴት የመጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና እየነዱ አሜሪካን ከላይ እስከ ታች ሲያካልሉ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲል አትላንታ ላይ መኪናውን አቁመው ቀሩ። እናቴና እኔ ከሱዳን ስንመጣ በአፓርታማው የነበሩት ነጮች ዕቃቸውን እየጫኑ ይወጡ ነበር። እሳቸው ብቻ አልወጡም። ለምን እንደቀሩ አንድ ቀን ስጠይቃቸው «ጎረቤት ያገኘሁት ገና አሁን ነው፤ ወዴት ልሂድ?» አሉኝ። እናቴ «ሚስተር» የሚለው ቃል ለሽማግሌ አልሞላላት ብሎ «ጋሽ አንገስ» አለቻቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

እናቴ ዶሮ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ እስክትመጣ የምቆየው እሳቸው ቤት ነው። ሶፋቸው ቀይና አረንጓዴ መስመር ያለው፣ መሀሉ የሰመጠ ነበር። ከቴፑ የማሲንቆ ዘመድ የሚመስል የቫዮሊን ዘፈን ይወጣል፤ ካሴቱን ሲያኝክባቸው በእርሳስ ይጠቀልሉታል። ምሳቸውም ቁርሳቸውም በጨው የተገነፋ አጃ ነው። እናቴ ድስቱን ያየች ዕለት ሳቋን መያዝ አቃታት፤ «ውይ ራሔልዬ፣ ጋሽ አንገስ አራስ ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ቢሆንም በሚቀጥለው ቀን ቅቤ ይዛላቸው ሄደች።

ነገራችን የተጀመረው ስሜን ሲጠይቁኝ ነው። «ራሔል ግርማ» አልኳቸው። «ግርማስ የማን?» አሉ። «የበላይ።» «በላይስ?» እዚህ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በላይ አላውቅም። የአባት ወገን የሚቆጠረው በአባት ነው፤ አባቴ ደግሞ አልነበረም። እናቴ የራሷን ወገን እንደ ዳዊት ትደግመዋለች፤ የእሱ ሲነሳ ግን «እሱ ይንገርሽ» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጋሽ አንገስ በእኔ ማፈር አዘኑ መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የራሳቸውን ቆጠሩልኝ። «አንገስ የዶናልድ፣ ዶናልድ የሮሪ፣ ሮሪ የኢየን፣ ኢየን የአላስደር፣ አላስደር የዩወን፣ ዩወን የኒል።» በአያቶቻቸው መንደር ሰው የሚጠራው እንደኛው በአባትና በአያቱ እንደነበረ ነገሩኝ። እናቴ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «ሰባት ቤት! ፈረንጅ ሰባት ቤት ሲቆጥር ዛሬ ገና አየሁ። የጨዋ ልጅ ናቸው!»

ከዚያ በኋላ ድንች እየላጡ፣ ሸሚዝ እየተኮሱ ሰባቱን አንድ በአንድ አስተዋወቁኝ። ኒል ስኮትላንድ ውስጥ ዛፍ በማይበቅልበት ደሴት፣ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ከላሙ ጋር ያድር ነበር። ልጁን ዩወንን ባለርስቱ ለበጎች መሰማሪያ ሲል ከነቤተሰቡ አባረረው። ይህን ስተረጉምላት እናቴ ስደተኝነቷ ሁሉ ተረሳት፤ «ለበግ ብለው ሰው አባረሩ? ወይ ጉድ! እኛ እንኳ በሰው ነው የተባረርነው» አለች። አላስደር ባሕሩን ሲሻገር ሕፃን ነበር፤ እናቱን መርከቡ ላይ ቀብረው፣ ማለት ውኃ ውስጥ ጥለው፣ ካናዳ ደረሱ። ኢየን ጫካ መንጥሮ በረዶው መሀል ቤት ሠራ። ሮሪ የከሰል ማዕድን ገብቶ ሳንባው ጠቁሮ ሞተ። የጋሽ አንገስ አባት ዶናልድም ማዕድን ውስጥ ሁለት ጣት ቀርቶበታል፤ ግን በቀሩት ጣቶቹ የቫዮሊን ቀስት እየያዘ የአገሩን ሙሽራ ሁሉ ያስጨፍር ነበር።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያ እኔ። በእኔ ያበቃል፤ ልጅ አልወለድኩም» ይላሉ።

እንዴት እንዳሳዘኑኝ! ያ ሁሉ ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ጫካ መንጥሮ፣ ከሰል ቆፍሮ፣ መጨረሻው ክላርክስተን ውስጥ ካሴት የሚጠቀልል ሽማግሌ ሆኖ ሊቀር። ስለዚህ ቆጠራውን በቃሌ ያዝኩላቸው። የራሴን ከአያቴ ማለፍ ያልቻልኩት ልጅ፣ የእሳቸውን እስከ ኒል ሳልንተባተብ እወርደዋለሁ።

አባቴ በሕይወት ነበር። ሱዳን ላይ ተለያይተን፣ እሱ በሌላ በኩል አሜሪካ ገብቶ፣ ዳላስ ሌላ ሚስት አግብቶ ይኖር ነበር። ስልክ ቁጥሩን ከአንድ ዘመዳችን አግኝቻለሁ። አንድ የፋሲካ ዕለት ይደውላል ተብሎ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ስልኩ አጠገብ ዋልኩ። አልደወለም። ጋሽ አንገስ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጡና ያን ጊዜ ያሉኝን እስካሁን ከነድምፃቸው፣ ራሔልን «ሬቸል» ከሚለው አጠራራቸው ጋር አስታውሰዋለሁ። «አባትሽ ጠልቶሽ አይደለም ሬቸል። ያፍራል። የሚያፍር ሰው ስልኩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። አንቺ እንዳትደውዪ። ጠብቂው፤ እፍረቱ ሲለቀው ራሱ ይመጣል።»

አመንኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የጣለኝ ሳይሆን የሚያፍር ሰው ሆነልኝ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ በዚህ ማደግ ይችላል። የዳላሱን ቁጥር ከወረቀት ወደ መጀመሪያው ታጣፊ ስልኬ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እያሸጋገርኩ ጠበቅኩ። ተመረቅኩ፣ ጠበቅኩ። በሠርጌ ቀን እናቴ ጋሽ አንገስን ጋቢ አልብሳ ከአባቴ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ሰውም ጉልበታቸውን እየሳመ አለፈ። ወለድኩ፣ አሁንም ጠበቅኩ።

ዘንድሮ ፀደይ ሲገባ ማሪዬታ ካለው፣ ሽማግሌዎች ከሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ተደወለልኝ፤ ጋሽ አንገስ አርፈዋል። መቃብሩ ላይ የተገኘነው ባለቤቴ፣ እናቴ፣ የክላርክስተን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ፣ አንድ ፓስተርና እኔ ነበርን። ከእኛ ራቅ ብሎ ደግሞ ቀይ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ሃምሳውን ያለፈ ፈረንጅ ቆሟል። አፈሩ ሲመለስ ወደኔ መጥቶ እጁን ዘረጋ።

«ዶናልድ እባላለሁ። ልጁ ነኝ።»

«ተሳስተሃል» አልኩት። «ልጅ አልነበራቸውም።»

አልተቆጣም። ባርኔጣውን ብቻ አወለቀ። ግንባሩ፣ የቅንድቡ አወራረድ፣ ሲያፍር ጆሮውን የሚነካው ነገር ሁሉ እሳቸው ነው። በመጨረሻው ሳምንት አንዲት ነርስ ዘመድ እንዳላቸው ስትጠይቃቸው ስሙንና ከተማውን ነግረዋት ኖሯል። ለማያውቋት ነርስ ነገሯት። ለእኔ፣ አያቶቻቸውን በቃሌ ላስያዙኝ፣ አልነገሩኝም።

እኔ እንዲሄድልኝ ነበር የምፈልገው። እናቴ ግን «ለቅሶ የመጣ ሰው ሆቴል አያድርም፤ ኢንቫይት አድርጊው!» ብላ ሎረንስቪል ይዘነው መጣን። የእድራችን ሰዎች ወንበርና ምግብ ይዘው ቀድመውን ነበር። አንድ በአንድ እየገቡ በቀጥታ ወደኔ ይመጣሉ። «እግዜር ያጥናሽ ራሔል። አባት ነበሩ።» «አባትሽ ማለት እኮ እሳቸው ናቸው።» ዶናልድ በሩ አጠገብ ታጣፊ ወንበር ላይ የወረቀት ሳህን ይዞ ተቀምጧል። የእድራችን ሰብሳቢ ውኃ ሰጠውና በእንግሊዝኛ «ከነርሲንግ ሆም ነው የመጣኸው?» ሲለው ሰማሁ። እሱም «አይ፣ ከሩቅ ነው» ብሎ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

ያን ጊዜ ተነሳሁ። «እኔን ተዉኝ። ልጁ እሱ ነው» አልኩ።

መጀመሪያ የተነሳችው እትዬ ዘይነባ ናት፤ ሄዳ ትከሻውን ይዛ በአማርኛ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ ልጄ» አለችው። ሌላው ተከተላት። ቃሉ አልገባውም፤ ነገሩ ግን ገባው መሰለኝ፣ ትልቁ ሰውዬ ሳህኑን እንደያዘ ማልቀስ ጀመረ። እናቴ ጆሮዬ ሥር «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች። ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሰው ሲቀንስ ከዶናልድ ጋር ጓሮ ወጥተን ተቀመጥን። ጸሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እንደነገረኝ፣ ጋሽ አንገስ ወደ ጆርጂያ ጭነት ይዘው ሲወጡ እሱ ጫማውን ማሰር ገና እየተማረ ነበር። ጠብ አልነበረም፤ መጠጥ አልነበረም። ሄዱ፣ አልተመለሱም። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ስልካቸውን አግኝቶት ነበር።

«ለምን አልደወልክም?»

«ራሱ ይደውል አልኩ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ስሜን አንስቶ ያውቃል?»

ውሸት አምሮኝ ነበር። ትንሽ ውሸት፤ ማን ያውቅብኛል? ግን ከዚያ ቤት የወጣው ውሸት በቂ ነው። «አላነሱህም» አልኩት። ቀጥዬም ያን የፋሲካ ዕለት ደረጃው ላይ ስለ አባቴ ያሉኝን ነገርኩት፤ ያፍራል፣ ስልኩን ያነሳል መልሶ ያስቀምጠዋል ያሉኝን፣ ሁሉንም። እሱም «ይህ ለእኔ መነገር ነበረበት» አለ።

እኔም እሱ ሳይለው ገብቶኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተደገፍኩበት ቃል የእኔ አልነበረም። አባቴን አያውቁትም፤ ስለ እሱ ምንም አያውቁም። የነገሩኝ ስለ ራሳቸው ነው፤ ለልጃቸው የሚናገሩት አንደበት አጥተው፣ የሰው ልጅ ላይ ተለማመዱት። መጽናኛው እንኳ ይሁን። «አንቺ እንዳትደውዪ» ያሉኝን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ያ የልጅ ስልክ የሚፈራ አባት ምክር ነበር። እኔ ሰላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ታዘዝኩት። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ለካ መውደቁ እንዲህ ያማል!

ለዶናልድ ቆጠራውን ነገርኩት። ከአያቱ በላይ አያውቅም ነበር፤ የአያቱንም ስም ያወቀው የራሱ ስም ስለሆነ ነው። ደጋግሞ ሞከረና አላስደር ላይ ተሰናከለ። ሳቅን። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አፍንጫዋ ላይ ማድያት የመሰለ ጠቃጠቆ ያላትን ልጁን አሳየኝ። በእኔ ያበቃል የተባለው ቆጠራ የተማሪ ቦርሳ አዝላ፣ ጥርሷ ወላልቆ ትስቃለች።

እሱ በሄደ ማግስት ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጄ ቴሌቪዥን ስታይ እኔ ጋራዥ ገብቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። እፍረት ራሱ እንደማይለቅ፣ ሰውን ይዞት መቃብር እንደሚገባ ጋሽ አንገስ ሳይፈልጉ አስተምረውኛል። ከሰባት ቤት ቆጠራቸው ይልቅ የቀረልኝ ይህ ነው። ወደ ዳላስ ደወልኩ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለ የሸመገለ ድምፅ።

«ራሔል ነኝ።»

«የቷ ራሔል?»

«የግርማ» አልኩት።

ከወዲያ በኩል ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ስልኩን ግን አልዘጋውም።