አሥራ አምስት እርምጃ

ጋሽ ባየልኝ ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት እኔ ከትራክተሩ ኋላ አሥራ አምስት እርምጃ ቆጥሬ እቆማለሁ። ሳልጮህ «ጋሼ!» እላለሁ። ከዞሩ ሥራ ይጀመራል። ሌሎቹ የቀን ሠራተኞች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ማሽን ሊበላው የነበረው የእነሱ አንገት አይደለም።

ጋሽ ባየልኝ በመተማ ቆላ ሃያ ዓመት ትራክተር ነድተዋል። በክረምት ያርሳሉ፤ በታኅሣሥና በጥር የማሽላ መውቂያውን ከትራክተሩ ጋር አያይዘው ያዞራሉ። እኔ፣ እንግዳው የምባለው፣ በየዓመቱ ከጎጃም እየወረድሁ ማሽኑን ማሽላ አጎርሰዋለሁ።

እዚህ አገር ሾፌር ሲኮራ ማርሚታውን፣ ያን የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ይነቅለዋል። ጉልበት ይጨምራል ይላሉ። ጋሽ ባየልኝም ከነቀሉት ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። «መጀመሪያ ጆሮዬን ያመኝ ነበር፤ ኋላ ለመደው» ይሉኝ ነበር እየሳቁ። ለመደው! የማይሰማ ጆሮ ምን ያመዋል? ያኔ ግን ለእኔም አልገባኝም፤ ጀግና መስለውኝ ነበር።

አምና በጥር፣ ገለባው እንዳያሳክከኝ አንገቴ ላይ የጠመጠምሁትን ፎጣ ማሽኑ ጫፉን ያዘው። «ጋሼ፣ አጥፉት! አጥፉት!» ብዬ ጮኽሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። እንደገና ጮኽሁ፤ ንቅንቅ የለም። ፎጣው እያነቀ ሲስበኝ ጓደኛዬ አሸናፊ ጓል አንስቶ ትከሻቸውን መታቸው። ተቆጥተው ዞሩ፤ አዩኝ፤ አጠፉት። ለማሽኑ አፍ አንድ ክንድ ቀርቶኝ ነበር።

ወርደው ፎጣውን ከአንገቴ ፈቱ። «ምነው ልጄ፣ ለምን አልጠራኸኝም?» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ ጋሼ» አላቸው አሸናፊ።

መተማ ዮሐንስ ወርደው ጆሯቸውን ተመረመሩ። የጤና ባለሙያዋ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ይጠብቁ» አለቻቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሆንም ማርሚታው ተመልሶ ተገጠመ፤ ለሁላችንም የጆሮ መሸፈኛ ተገዛ። አሁን ሲወቃ አሸናፊ ፊት ለፊታቸው ይቆማል፤ እጁን ካነሳ ሞተሩ ይጠፋል። እሳቸው ግን የመሸፈኛውን አንድ ጎን ከፍ ያደርጋሉ። ሞተሩን ካላዳመጡት የሚታመምባቸው ይመስላቸዋል። ብንለምን፣ ብንቆጣ፣ በጄ አላሉም።

እኔ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነኝና የቀረውን ጆሯቸውን በየጠዋቱ እለካለሁ። ሲዞሩ «ዛሬስ አለሁ?» ይሉኛል። «አሉ፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጠራኋቸው፤ አልዞሩም። ጎማውን እያዩ ነበር፤ ሐሳብ ይዟቸው ይሆናል ብዬ ደገምሁ። አልዞሩም። ቀስ ብዬ ሦስት እርምጃ ተጠግቼ ጠራሁ።

ዞረው ሳቁ። «ዛሬስ አለሁ?»

«አሉ» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ ፎጣ ትዝ አለኝ። «አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ነው የቆምሁት፣ ጋሼ» አልኋቸው።

ሳቃቸው ጠፋ። በእኔና በትራክተሩ መካከል ያለውን መሬት ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መሸፈኛውን አነሱና ሁለቱንም ጆሮ አልብሰው አጠበቁት። መልሴን እንደማይሰሙ እያወቁ፣ ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ነገም ከዚያው ከቆምህበት ጥራኝ፤ እንዳትጠጋ!»