ዓይንሽን እንዳላይ የተባልኩበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ ተረት ሲነገር ተራኪውን አላይም ነበር፤ የማየው የሰሚዎቹን ፊት ነበር። ሌሎቹ ልጆች አፋቸውን ከፍተው የአያ እድሪስን ከንፈር ሲከተሉ፣ እኔ ጀርባዬን ለእሳቱ ሰጥቼ የእነሱን ቅንድብ፣ የእነሱን ጥርስ፣ የጉንጫቸውን መሸብሸብ እመረምር ነበር። አንድ ነገር ማወቅ እፈልግ ነበር፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲስቁ የሚነግራቸው ማን ነው? አንዳች ምልክት የሚሰጣቸው ሰው ያለና እኔ ብቻ የማላየው ይመስለኝ ነበር።

አያ እድሪስ የአባቴ አጎት ነበሩ። ወረታ ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያ ትንሽ ገባ ብሎ የሩዝ መፈልፈያ ነበራቸው፤ ግቢያቸውና ግቢያችን በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። ክረምት ሲገባና ሜዳው ሁሉ ውሃ ሲተኛበት፣ ቀን ሙሉ ሲያንባርቅ የዋለው ሞተር አመሻሽ ላይ ዝም ይላል፤ ያኔ የእንቁራሪቱ ጩኸት ከያለበት ይነሳል። ከሩዙ የተላጠው እብቅ በግቢው ጥግ ተከምሮ ይነዳል። የእብቅ እሳት እንደ እንጨት እሳት አይንቦገቦግም፤ ከላይ ጥቁር አመድ ለብሶ ከውስጥ ቀስ እያለ ይቀላል፣ ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ቢንቢ ግን አያስጠጋም። የሰፈሩ ልጆች፣ የነጋዴውም የካህኑም፣ ከመግሪብ ሶላት እስከ ኢሻ አዛን ባለችው ጊዜ ያንን ክምር ከበን እንቀመጥ ነበር። አያ እድሪስ ፋኖሳቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ባዶ ጆንያ ላይ ደላደል ብለው፣ «ጆሯችሁን ይዛችሁ መጥታችኋል?» ይላሉ። ልጆቹ «ይዘናል!» ብለው ይጮኻሉ። እኔ በሁለት እጄ ሁለቱንም ጆሮዎቼን እይዝ ነበር። ይዛችሁ ነው ያሉት፤ ያዝኩ።

አንድ ምሽት የሽመላንና የእንቁራሪትን ተረት ነገሩን። ሽመላ ውሃው ዳር ቆሞ እንቁራሪትን «ነገ ለምሳ እፈልግሻለሁ» ይላታል። እንቁራሪት ደስ ብሏት ለእናቷ ትነግራለች፣ ታጥባ ትዘጋጃለች፣ በማግስቱም ወደ ሽመላው ትሄዳለች። ልጆቹ ገና «ለምሳ እፈልግሻለሁ» የምትለዋ ላይ በሳቅ ፈነዱ። ወንድሜ ጀማል ሆዱን ይዞ ተንከባለለ።

«ምን ያስቃችኋል?» አልኩ። «ምሳ ጋበዛት እኮ።»

በእንቁራሪቷ ከሳቁት ይልቅ በእኔ ሳቁ። አልተናደድኩም። የገረመኝ፣ አሁንም ሁሉም እኩል መጀመራቸው ነበር።

ስለ እኔ በሰፈሩ ብዙ ይባል ነበር። ጡት ስትጥል ታማ ነው የሚል ነበር፤ የሰው ዓይን በልቷት ነው የሚልም ነበር። ሰው ሲያናግረኝ የምመለከተው አፉን ወይም የሸሚዙን ቁልፍ ነበር፤ «እንዴት አደርሽ?» ሲሉኝ እንዴት እንዳደርኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናገር ነበር። እናቴ በሰው ፊት ክንዴን ቆንጠጥ ታደርገኛለች፤ ለምን እንደቆነጠጠችኝ ስጠይቃት ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እሷ አትስቅም።

አንዲት ጓደኛ ብቻ ነበረችኝ፤ ትርንጎ ትባላለች። አባቷ ቁሐር ሚካኤል የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ እናቷ ግን ልጆቹ እንዲማሩ ብላ ከእኛ ፊት ለፊት ቤት ተከራይታ ወረታ ትኖር ነበር። ትርንጎ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት የምትሄደው ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጠይቄያት «ስለማትዋሺ» ብላኛለች።

በዚያ ክረምት አያ እድሪስ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘጋና «ዛሬ ከእናንተ አንዱ ይንገረን» አሉ። ትርንጎ እጇን አወጣች። ተነስታ ከፋኖሱ ጎን ቆመችና ከአባቷ የሰማችውን የአንድ ንጉሥና የአንዲት ሽሮ ሻጭ ታሪክ ጀመረች። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በኋላ እየጠነከረ ሄደ። እናቴ የዚያን ቀን አጥብቃ «አዛን ሳይል ግቢ» ብላኝ ነበር። የሽሮ ሻጯ ታሪክ ረጅም ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳያልቅ መሄድ አልፈለግሁም። ስለዚህ ጠየቅሁ።

«ትርንጎ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ሳቁ ከግቢው አልፎ መንገድ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። ትርንጎ የጀመረችውን ቃል ሳትጨርስ ቆመች። ፋኖሱ ፊቷን ከታች ያበራው ነበር፤ ብመለከተውም ምን እንደሚል ማንበብ አልቻልኩም። ከዚያ በልጆቹ መሃል አልፋ ወደ እኔ መጣችና «ከዛሬ ጀምሮ ዓይንሽን እንዳላይ!» ብላኝ ሮጣ ወጣች።

ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩበት። ዓይኔ ምን አድርጓት ነው? በመስታወት አየሁት፤ እንደወትሮው ነው። ቢሆንም ጓደኛዬ ናት፣ ከጠላችው እሸፍንላታለሁ አልኩ። ከማግስቱ ጀምሮ ትርንጎን ባየኋት ቁጥር ሻሼን ወደ ፊት ስቤ ዓይኖቼን እሸፍን ነበር። ውሃ ስንቀዳ፣ ሱቅ ስንላክ፣ በር ላይ ስንገናኝ እሸፍናለሁ፤ ካለፈች በኋላ እገልጣለሁ። ጀማል እንኳ ምን እየሠራሁ እንደሆነ አልገባውም።

የገበያ ቀን እናቴ ጨው ግዢ ብላ ላከችኝ። መንገዱ በሰው፣ በአህያና በባጃጅ ተጨናንቋል፤ ወደ ጎንደር የሚሄዱ የጭነት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ። ልሻገር መሃል እንደደረስኩ፣ ከወዲያ በኩል ትርንጎ የበቆሎ እሸት ታቅፋ ስትመጣ አየኋት። ሻሼን ሳብኩና መሄዴን ቀጠልኩ። የፍሬን ድምፅ ሰማሁ፤ አንዳች ነገር ጭኔን ገፈተረኝ፤ ጭቃው ላይ ወደቅሁ።

«አንቺ ልጅ! ዓይን የለሽም እንዴ?» አለ የባጃጁ ሹፌር ዘሎ እየወረደ።

«አለኝ» አልኩት። «ትርንጎ እንዳታየው ሸፍኜው ነው።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ሹፌሩም ከድንጋጤው የተነሳ ሳቀ። ትርንጎ ግን እሸቱን እንዳቀፈች ከሰዎቹ መሃል ቆማ ነበር፤ የእሷ ፊት የማንንም አይመስልም ነበር። ዞራ ሄደች።

ሹፌሩ አያ እድሪስን ያውቃቸው ስለነበር ባጃጁ ላይ ጭኖ ወደ መፈልፈያው ወሰደኝ። አያ እድሪስ ሞተሩን አስቁመው፣ ከበርሜል ውሃ ቀድተው ጉልበቴን ራሳቸው አጠቡልኝ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። አልሳቁም።

«ልጄ፣ ‹ዓይንሽን እንዳላይ› ማለት ‹ከፍቶኛል፣ ራቂኝ› ማለት ነው» አሉ።

«ታዲያ ለምን ‹ከፍቶኛል› አላለችኝም?»

«ወላሂ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። «እንጃ። ሰው ሲከፋው የልቡን በቀጥታ አይናገርም፤ ዙሪያውን ይዞራል።»

«ዙሪያውን ሲዞር ሌሎቹ እንዴት ያውቁታል?»

«ይገምታሉ።»

«ቢሳሳቱስ?»

«ይጣላሉ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያኔ በውስጤ የሆነውን አሁንም አስታውሳለሁ። ሰዎች የሌላውን ልብ እንዲሁ ሲወለዱ የሚያውቁት ይመስለኝ ነበር። መገመት መሆኑን፣ ሊሳሳቱም እንደሚችሉ የነገረኝ አልነበረም።

እናቴ እየሮጠች መጣች። እያገላበጠች አየችኝና ስትረጋጋ እንባዋ መጣ። «ከእንግዲህ ከግቢ አትወጣም» አለች። «ትምህርትም ይቅርባት። ዛሬ ባጃጅ ነው፣ ነገ ሲኖትራክ ቢሆንስ?»

«ዝጊባት» አሏት አያ እድሪስ። «ዘግተሽባት ሰውን ከየት ትማረው? ሰው እኮ በር ዘግተው የሚያጠኑት ነገር አይደለም። ለጊዜው ማታ ማታ እኔ ዘንድ ላኪያት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ያኔ እንነጋገራለን።»

ማታ ሲሆን እናቴ ነጠላዬን አልብሳ ላከችኝ።

የዚያን ምሽት ጭሱ ዝቅ ብሎ መሬት ለመሬት ይሄድ ነበር። ትርንጎም መጥታ ከክምሩ ማዶ ተቀምጣለች። ሻሼን ልስብ ስል አያ እድሪስ «ተይው» አሉኝ በቀስታ። ከዚያ ጀመሩ። ውሃ ሜዳውን በዋጠበት አንድ ክረምት፣ አንድ ሰው ጎጆው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ጎረቤቱ በታንኳ እየቀዘፈ ይመጣል። አጠገቡ ሲደርስ ቀና ብሎ «እንዴት ዋልክ?» ይለውና ሳይቆም ያልፋል።

አያ እድሪስ እዚህ ላይ ዝም አሉ። ተረት አቋርጠው አያውቁም ነበር።

«ለምን አለፈው?» አሉ።

«ክፉ ስለሆነ ነዋ!» አለ ጀማል።

«የለም፣ ታንኳው ሞልቶበት ነው» አለ ሌላው።

«ድሮ ተጣልተዋል።»

«ልጆቹን ሊያወጣ ቸኩሎ ነው፤ ይመለሳል» አለች ከሁላችንም ታናሽ የሆነችው ልጅ።

«አውርደኝ ስላላለው ነው» አለች ትርንጎ ከማዶ። «እስኪለምነው እየጠበቀ ነው።»

መከራከር ጀመሩ። እኔ እንደ ልማዴ ከፊት ወደ ፊት ተመለከትኩ። አንዱ ግንባሩን ቋጥሯል፣ አንዷ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ጀማል እጁን እያወናጨፈ ይጮኻል። ምልክት የሚሰጣቸው ማንም አልነበረም። እያንዳንዱ በገዛ ራሱ እየፈለገ፣ ያገኘውን ይዞ ነበር የሚጮኸው። በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት የሰው ፊት አስደስቶኝ አያውቅም።

«አያ እድሪስ፣ እርስዎ ይንገሩን እንጂ!» አሉ ልጆቹ።

«እኔም አላውቀውም» አሉ። «ሐያት፣ አንቺስ?»

«እኔ ጣሪያው ላይ ብሆን ‹ለምን አለፍከኝ?› ብዬ እጮህ ነበር» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው ደረቅ እብቅ ጨመረበትና ጭሱ ወፍሮ ወጣ። ከጭሱ ወዲያ የትርንጎ ድምፅ መጣ።

«ሐያት፣ ያን ለት ‹መቼ ነው የሚያልቀው?› ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

«እናቴ አዛን ሳይል ግቢ ብላኝ ነበር። ሳያልቅ መሄድ አልፈለግሁም።»

«ሰልችቶሽ መስሎኝ ነበር» አለች። «ዓይንሽን ስትሸፍኚ ደግሞ የናቅሽኝ መስሎኝ፣ ሳለቅስ ሰነበትኩ። ታዲያ እንደዚህ ነው ብለሽ አትነግሪኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ትርንጎ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች አልገባኝም፤ ግን ተነስታ ዞራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ይሄኛው ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ትምህርት ቤት ሲከፈት እናቴ ላከችኝ፤ የሚስቁብኝ ግን መሳቃቸውን አልተዉም። ትርንጎ ቀልድ ሲሆን እጅጌዬን ጎተት እያደረገች ታሳውቀኝ ነበር። ከፍ ብለን ቤተሰቧ ወደ ሐሙሲት ሲዛወር፣ ዘጠነኛ ክፍልን ብቻዬን ጀመርኩ። የጉርምስና ወሬ ከተረት የባሰ ነው፤ ሁሉም ዙሪያውን ነው የሚዞረው። ሴቶቹ ሲያንሾካሹኩ ቀርቤ «ምን ማለታችሁ ነው?» እላለሁ፤ ብዙዎቹ ሸሹኝ። ሁለቱ ግን ቁጭ ብለው ያስረዱኝ ነበር፤ እየቆየም ራሳቸው የማይገባቸውን ይጠይቁኝ ጀመር። አያ እድሪስ የሞቱት በዚያ ዓመት ነው።

አሁን ወረታ ገበያ አጠገብ ጨርቅ እሸጣለሁ። «በቃ ትቼዋለሁ» ብሎ የሚወጣ ደንበኛ ተጠርቶ እንዲመለስ እየፈለገ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

የጀማልን ልጅ ሰሚራን በዘጠኝ ዓመቷ ባሕር ዳር ሐኪሞች አይተዋት ኦቲዝም አለባት አሉ። ጀማል ከዚያው ደውሎ «እህቴ፣ ሲያስረዱኝ አንቺን የሚያወሩ ነው የመሰለኝ» አለኝ። ቃሉን ለብዙ ቀን ሳገላብጠው ሰነበትኩ። ለእኔ ስም ያወጣልኝ አልነበረም፤ ቢኖረኝ ኖሮ እናቴ ታርፍ ነበር ወይስ ይብስባት ነበር? መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ዛሬ ሰሚራ ከትምህርት ቤት መጥታ እኔ ዘንድ እራት እየበላች ሳለ ድንገት ቀና አለች።

«አክስቴ፣ ዛሬ አንዲት ልጅ በአጠገቤ ስታልፍ ሳቀች። በእኔ ነው የሳቀችው ወይስ ለእኔ?»

«አላውቅም» አልኳት።

«እኔም አላውቅም» አለች ሳትጨነቅ። «ነገ እጠይቃታለሁ።» ወደ ሳህኗም ተመለሰች።

ልጅቷ እውነቱን ትነግራት ይሆን፣ ታፍር ይሆን፣ ወይስ እንደገና ትስቅ ይሆን እያልኩ እጄን ሳልታጠብ ብዙ ተቀመጥኩ። ከአያ እድሪስ ግቢ ተረቶቹ አንድ በአንድ ጠፍተውብኛል፤ የቀረኝ ይሄ መልሱን እየገመቱ መቀመጥ ይመስለኛል። የሰው ልብ አሁንም አይታየኝም። አለማየቴ ግን እንደ ድሮው አያስፈራኝም፤ ሌሊቱ ቶሎ ነግቶ ሰሚራ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ያጓጓኛል።