ያልወሰድነው ዓሣ

ደስታዬን ልንገራችሁ! አባቴ ትናንት «ቅዳሜ ፊሺንግ እንሂድ» አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ መንጠቆ ነክቶ አያውቅም። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ከጋራዥ ሳወጣ የሐይቅ ጭቃ ሸተተኝና የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያን ቀን ከአባቴ ጋር ሐይቁ ዳር ስንቆም በረዶው ገና ቀልጦ ማለቁ ነበር። ሰማዩ ከብዷል፣ ውሃው ጠቁሯል፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። «ዳዲ፣ ካን ዊ ጎ ሆም?» አልኩት።

«ትንሽ እንቆይ፣ የኔ እናት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣ ቶሎ አይበላም። ደግሞ የምነግርሽ ነገር አለ» አለና ወደ ውሃው ዞረ። በቀጥታ ማሚ ከተኛችበት ሆስፒታል ነበር የመጣው፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

ድንገት ክሩ ተሳበ። የመጀመሪያ ዓሣዬ! «ለማሚ ሆስፒታል እንውሰድላት!» ብዬ ጮኽኩ።

አባቴ ዓሣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ውሃው ውስጥ ለቀቀው። «ማሚ አሁን አትበላም» አለኝ።

ያለቀስኩት ለዓሣዬ ነበር። ሪችፊልድ ቤታችን እስክንደርስ አኩርፌ አላናገርኩትም። እናቴ በዚያ ጠዋት ማረፏን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ እሱ አልቻለም።

ቅዳሜ መኪናችን ውስጥ ሁለት ቦታ አለ። ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ኑ። አባቴን ስለ እናቴ ብትጠይቁት፣ አሁን ይመልስላችኋል።