የመሸነፊያ ፕሮፎርማ የማይጽፉት ጋሽ ወርዶፋ

የአቃቂው በያጅ ጋሽ ወርዶፋ አርፈዋል፤ ከባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ያለው የብረት ሥራ ቤታቸውም ተዘግቷል። ይህን በአርባቸው ለምትሰበሰቡ ወዳጆቻቸው የምጽፈው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ተጋርቼ አጠገባቸው የበየድኩት ጎረቤታቸው ነኝ። በመታሰቢያ ላይ መልካም መልካሙ እንደሚነገር አውቃለሁ። ነገር ግን እኚህን ሰው ያህል በሕይወቴ ያናደደኝ የለም። ይባስ ብለው ካረፉም በኋላ ልቤ የፈለገውን ሥራ አስነጠቁኝ፤ እሱን እመጣበታለሁ።

ለማታውቁ ላስረዳ። አንድ መሥሪያ ቤት በር ማሠራት ሲፈልግ ከሦስት ባለሙያ ፕሮፎርማ፣ ማለትም ማኅተም ያረፈበት የዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቅና ዝቅተኛውን ይመርጣል። እኛ በግላችን የምንሠራ በያጆች ዘዴ ነበረን፤ ሥራውን ቀድሞ የሰማ ሁለት ጓደኞቹን ይለምናል፤ እነሱም ከእሱ ከፍ አድርገው ይጽፉለታል። በሌላ ቀን እሱ በተራው ይሸነፍላቸዋል። እንዲህ ያለ ፍቅር በወንድማማቾች መካከልም የለም!

ጋሽ ወርዶፋ ግን ዋጋ አጻጻፋቸው ሌላ ነበር። ባቡር ሲያልፍ ጠረጴዛቸው ስለሚንቀጠቀጥ እስክሪብቶውን አንስተው ይጠብቃሉ። «ቁጥር የሚጻፈው እጅ ሲረጋ ነው» ይሉ ነበር። ረጅም የዕቃ ባቡር የመጣ ዕለት ደንበኛው ጢም ያበቅላል።

ከማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ለጠያቂዎች ሻይ የምትሸጥ ሴት የኪዮስኳ በር አልዘጋ ቢላት፣ አዲስ በር እንደሚያስፈልጋት ግማሽ ቀን ሰብኬ አሳምኛት ነበር። እሳቸው መጥተው አዩና ወረቀቱ ላይ «ሁለት ማጠፊያ መቀየር» ብቻ ጻፉ። እዚያው ቀየሩላት። ሻይ ሲጋብዙኝ አልዋጥልኝ አለ።

የትምህርት ቤቱ በሮች ነገር ደግሞ አለ።

«ጋሼ፣ ሥራው የኔ ነው፤ ከኔ ከፍ አድርገው አንድ ፕሮፎርማ ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

«በሮቹን መቼ አየኋቸው?»

«ምን ያደርግልዎታል? ለመሸነፍ እኮ ነው!»

«ማኅተሜ ካረፈበት እሠራዋለሁ ማለት ነው።»

ሜትራቸውን ይዘው ሄዱ። ለክተው ጻፉ፤ አሸነፉኝም። የዚያን ቀን ጩኸቴ ድሬዳዋ ድረስ ተሰምቷል።

«ጉድ ሠሩኝ እኮ! ከፍ ያድርጉት ነው ያልኩት!»

«ከፍ የሚያደርገውን ነገር ፈለግኩ፤ አጣሁ» አሉኝ ረጋ ብለው። «በል ና፣ ግማሹን አንተ ትበይዳለህ።»

ገባሁበት። እዚያም እረፍት የለም፤ በግድግዳው በኩል የሚዞረውን የክፈፉን ጀርባ ሁለት እጅ ቀለም ቀባ አሉኝ።

«ማን ያየዋል ጋሼ?»

«ሁለት እጅ ብዬ ጽፌያለሁ።»

አሁን የእድራችን ዳኛ ለመቃብራቸው የብረት አጥር እንደሚሠራ ነገሩን። በደንቡ መሠረት ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ ተባለ። ይህን አጥር ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካው አልፈለግኩም። ስንት ጊዜ ወደተሸነፈልኝ ወደ በያጁ ታደሰ ሮጥኩ።

«ታዴ፣ ለጋሼ አጥር አንድ ከፍ ያለ ጻፍልኝ።»

ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። «ሳላይማ አልጽፍም።»

«አንተም ጀመርክ?»

«ለሳቸው ነዋ!»

ሄዶ ለካ። እኔ ትርፌን ትቼ ነበር፤ እሱ የድካሙን ዋጋም ትቶ ኖሮ አሸነፈኝ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በል ና፣ ግማሹን አንተ ትበይዳለህ።» በመዶሻ ልለው ምንም አልቀረኝም። ግን ሄድኩ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ይረፉ። ከአፈር በታች ሆነውም ሥራ ነጠቁኝ፤ ንዴቴ ስላልበረደ ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ከእንግዲህ ባቡሩ ሲያልፍ እስክሪብቶዬን አንስቼ እጠብቃለሁ፤ ደንበኛው ከፈለገ ይሂድ። አጥርዎ ነገ ይቆማል። በውጭ በኩል ሁለት እጅ ቀብተነዋል፤ በውስጥ በኩልም እንዲሁ። እጄ ሊሰንፍ ሲል «ማን ያየዋል?» ልል አልኩና ብሩሹን መልሼ ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ። በውስጥ በኩል እርስዎ አሉ።