ነቀዝ የበሳው ደቆቆ

ጠረጴዛው ሥር እግሬ አያርፍም። ገርጂ በኪራይ ቪላ ውስጥ፣ ከአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የመጣ አፈር ታጥቦ የተንሳፈፈውን ከሰል በማይክሮስኮፕ እያየሁ እለቅማለሁ፤ የጥንት ገበሬዎች ምስር፣ ጓያ፣ አተር። እስከዛሬ ከያዝኩት ሥራ ሁሉ ሸሽቻለሁ። ከዚህኛው ያልሸሸሁት አንዲት የተቃጠለች ፍሬ ይዛኝ ነው።

"አተር ናት ወይስ ደቆቆ?" አለች አለቃዬ። ደቆቆ የሰሜኑ ትንሽ አተር ነው። "የዛሬውን ደቆቆ አቃጥለህ ካላስተያየህ መልስ የለንም። ነገ ደግሞ የናሙናዎቹ ሳጥን ይታሸጋል።"

ላምበረት ያሉትን እህል ቤቶች አዳረስኳቸው። ያለው ሁሉ ተከክቷል ወይም ሽሮ ሆኗል።

"ሙሉውን ምን ልታደርገው ነው?" አለኝ አንዱ ነጋዴ።

"ላቃጥለው።"

"እሱንማ ስታገባ ሚስትህ ታቃጥልልሃለች!"

ተናድጄ ሰፈሬ ቦሌ አራብሳ ስገባ፣ ከትግራይ የመጡት ጎረቤቴ በረንዳቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰፌዱ ላይ ያልተከካ ደቆቆ!

"እናቴ፣ ትንሽ ይስጡኝ። ላቃጥለው ነው።"

እጃቸው ቆመ። "ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ የአባቴ ማሳ ዘር ነው። የተረፈን ይኸው ነው። ወንድሜ ለክረምት ሊዘራው ይጠብቃል። ዘር ይቃጠላል እንዴ? ሌሊት የምትጽፈውን ግጥምህን አቃጥል!"

ልሄድ ዞርኩ፤ ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ለቀማቸውን ቀጠሉ። ነቀዝ የበሳውን እየለዩ የከሰል ምድጃው ውስጥ ይወረውራሉ።

"ለምን እሳት ውስጥ?"

"ሜዳ ላይ ብጥለውማ ነቀዙ ወጥቶ ደህናው ላይ ይሰፍራል።"

"እሱን ይስጡኝ! የተበሳውን!"

"የነቀዙን ድርሻ ከሆነ ውሰድ" ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ፍሬዎቹን የጋለ አሸዋ ውስጥ አክስዬ ከአሮጌዋ ጎን ደረደርኳቸው። ክብነታቸው፣ ከተክሉ ጋር የተያያዙበት ጠባሳ፣ ሁሉም አንድ ነው። አሮጌዋን ገለበጥኳት። በመልቀሚያ መርፌዬ የሰነጠቅኳት የመሰለኝ ቦታ ክብ ቀዳዳ ነው፤ ነቀዝ ነው የወጣበት። እንግዲህ ያኔም አንድ ሰው ዘሩን ሲለቅም ይህቺን እሳት ውስጥ ወርውሯታል። ደህናዎቹ ተዘሩ፤ የደረሰችን የተጣለችው ናት። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አይታ "ደቆቆ" አለች፤ ሳጥኑም ታሸገ።

በሳምንቱ መጨረሻ ማለዳ፣ በጨርቅ የተቋጠረውን ዘር ተሸክሜ ወደ ወንድማቸው የሚሄዱትን ጎረቤቴን ላምበረት መናኸሪያ ሸኘኋቸው።

"ነቀዙንስ አገኘኸው?" አሉኝ ከአውቶቡሱ መስኮት።

"ያኔም ነበረ።"

"እሱማ የት ይሄዳል!"

ቋጠሮውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ እግሬ እንደ ልማዱ መሬቱን ይመታ ነበር።