የአሻራ ቀለም ሽታ

ልደታ ማርያምን ተሳልሜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልማሶች ወደሚማሩበት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ባለቤቴም አብሮኝ ይማራል። ዛሬ የማጠናቀቂያ ወረቀት የምንቀበልበት ቀን ነው፤ እሱ ግን ፊደሉ እምቢ ብሎት መዝገቡ ላይ በጣቱ ፈረመ። የአሻራው ቀለም ሲሸተኝ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ነበርኩ። እናቴ ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ተምራ፣ የጓዳችን ግድግዳ ላይ በከሰል ስሟን ስትጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ወረቀት የሚሰጥ ዕለት ግን አብሯት የተማረው አባቴ ጎረቤት ፊት በጣቱ ሲፈርም አየችና፣ እሷም አውራ ጣቷን ቀለም አስነካች።

"እማዬ፣ መጻፍ ትችዪ የለ እንዴ?" አልኳት መንገድ ላይ።

"ዝም በይ፣ ይሰማሻል! ስሜን ነገም እጽፈዋለሁ። አባትሽ ግን ነገም እዚሁ ሰፈር፣ እዚሁ ሰው ፊት ነው የሚውለው።"

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ስትጽፍ አላየኋትም።

"እማማ፣ በብዕር ነው በጣት?" አለችኝ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መዝገብ የያዘችው ልጅ።

"በጣት ነው እንጂ! በስተርጅና ልትበልጠኝ ኖሯል?" ብሎ ሳቀ ባለቤቴ፣ ጣቱን በመሐረብ እየጠረገ።

ብዕሩን ተቀበልኩና፣ ከመጻፌ በፊት ፊቱን አየሁት።